ለዚያች ልጅ ጸልዩላት

3

ከዚያ ድንጋዩን ሳፋው ውስጥ ጣለው።

ዱብ።

(1 እና 2 የሉም። ስለ ጣቶቹ ነበሩ። አጠፋኋቸው። ስለ ኪቦርድ መቺ ጣት ሁለት ገጽ ሙሉ መጻፍ ሼም ነው።)

4

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ አለዚያ የምን ሳፋ ትይኛለሽ።

የእኛ ቤተክርስቲያን ወጣቶች በየክረምቱ ካምፕ እንወጣለን። ከሻሸመኔ አለፍ ብሎ፣ ሐይቅ ዳር። ፈረንጆች ይመጣሉ፣ ሁሌ ከአሜሪካ፣ ሁሌ ከአንድ ቤተክርስቲያን፣ ሁሌ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው። ዘንድሮ ብርቱካናማ ነበር። ለእኛም አመጡልን፣ ግን ሁሉም የእነሱ ልክ ነው፤ እኔ የኔን ቀሚስ አድርጌው ሰነበትኩ።

መሪያቸው ዶና ትባላለች። በዕድሜ አያቴን ታክላለች፣ ግን አንቺ ነው የምንላት። ፈረንጅ አንቱ አይባልም፤ ማን እንደደነገገው እንጃ። ደግ ሴት ናት። ይሄን አሁኑኑ የምነግርሽ በኋላ እንዳትጠያት ነው።

እኔ ሐሴት እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገና መጨረሴ ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከፊልም ነው፣ ቤተክርስቲያን ግን "ጸጋ ነው" ብለው ዘንድሮ አስተርጓሚ አደረጉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ፊልሞቹን ቢያዩዋቸው ጸጋ አይሉም ነበር።

5

የአስተርጓሚ ደንብ
(በወንድም ታረቀኝ፣ የወጣቶች መሪያችን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ እየወረደ በጩኸት የተሰጠ)

አንደኛ፣ ጮክ በይ።

ሁለተኛ፣ "እንዲህ ብላለች" የሚባል ነገር የለም። እሷ "እኔ" ካለች አንቺም "እኔ" በይ።

ሦስተኛ፣ አንቺ የለሽም።

"እንዴት ነው የሌለሁት?" አልኩት።

"ሐሱዬ፣ ቧንቧ ነሽ። ውሃ የጠማው ሰው ቧንቧውን ዞር ብሎ አያይም።"

"ካፈሰስኩስ?"

"ካፈሰስሽ ለራኬብ እሰጠዋለሁ።"

ራኬብ ጓደኛዬ ናት። እንግሊዝኛዋ "ሃው አር ዩ" ላይ ያበቃል። ተሳስቀን ተለያየን።

6

ኢዮአታም።

7

ጆታ ነው የምንለው። ኪቦርድ ይመታል። ከፋሲካ ጀምሮ፣ እንዴት ልበልሽ፣ አብረን ነበርን። ማንም አያውቅም። ራኬብ ብቻ ታውቃለች፣ እሷም ሳልነግራት።

እኛ ጋ አገልጋይ ሆነሽ ፎንቃ ከያዘሽ ከአገልግሎት ትታገጃለሽ። ምንም ባታደርጊም። "ትንሽ ዕረፍት ውሰዱ" ትባላላችሁ፣ ኪቦርዱን ሌላ ልጅ ይመታዋል፣ አንቺ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ ሰዉም ዘፈን በጨረሰ ቁጥር፣ ይቅርታ፣ መዝሙር በጨረሰ ቁጥር አንገቱን እያዞረ ያይሻል። ጆታ ደግሞ ኪቦርድ ከሌለ እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ ልጅ ነው።

ስለዚህ የኛ ፍቅር ይሄን ነበር የሚመስለው። ልምምድ ሲያልቅ የስፒከሩን ኬብል ከአንዱ ጫፍ እኔ መጠቅለል እጀምራለሁ። እሱ ከሌላው ጫፍ። መሃል ላይ እንገናኛለን።

"ደህና ዋልሽ?"

"ደህና።"

አለቀ። ከፈለግሽ ሳቂ። ያ ኬብል ግን ረጅም ነበር፣ እኔም ሳምንቱን ሙሉ እሱን ነበር የምጠብቀው።

8

ረቡዕ ጠዋት ዶና አስተማረች። ርዕሱ "ልትለቂው የማትችዪው ነገር እሱ አምላክሽ ነው" የሚል ነበር። ምሳሌዋ ጀልባ ነው። እሷና ባሏ ጀልባ ገዙ፣ ከዚያ እሁድ እሁድ ጀልባ ላይ መዋል አመጡ፣ ከዚያ ጀልባውን ሸጡ።

አዳራሹ ፈዘዘ። ከኛ ውስጥ ጀልባ ያለው ማን አለ?

ስለዚህ ጀልባውን ስልክ አደረግኩት። ትንሽ ነቃ አሉ። እኔም ሞቅ አለኝና ከራሴ አንድ ጨመርኩ። እጄን ወደ ላይ አንስቼ ጨበጥኩት፤ "የጨበጥከውን ሳትለቅ ጌታ እጅህን እንዴት ይያዝህ?" አልኩ።



አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ከዚያ ሌላዋ። ዶና ዞራ አየችኝ፣ ስለ ጀልባ እንዲህ የሚለቀስ አልመሰላትም።

ስንወጣ ወንድም ታረቀኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ዛሬስ ቧንቧው ፈነዳ" አለ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጆታ ከኪቦርዱ ኋላ እጆቹን እያየ ነበር።

9

አሁን ሳፋው።

የካምፕ የመጨረሻ ቀን ድንጋይ ይታደለናል። ድንጋዩ ላይ በማርከር የምንተወውን ነገር እንጽፋለን፣ ሐይቁ ዳር ወጥተን ጮክ ብለን እንናገራለን፣ እንወረውራለን። ልማዱን ያመጡት ፈረንጆቹ ናቸው። ሐይቅ ላይ ሲሆን ያምራል።

ዘንድሮ ዝናቡ አላስወጣ አለ። ዶና ግን ድንጋይ ካልተጣለ ካምፕ አልተዘጋም አለች። ወንድም ታረቀኝ ኩሽና ሄዶ ጎመን የሚታጠብበትን ሰማያዊ ሳፋ ውሃ ሞልቶ አመጣ። መድረክ ላይ አስቀመጠው። አንድ የጎመን ቅጠል እላዩ ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

"ይሄ ሐይቁ ነው" አለ።

ሳቅን። ከዚያ ተሰለፍን። ስልክ፣ ዱብ። ቁጣ፣ ዱብ። ራኬብ ወጥታ "እንቅልፍ" አለች፣ ዱብ፤ ያንን ስተረጉም ፈረንጆቹ በጸሎት ሰዓት የሚመጣው እንቅልፍ መስሏቸው "አሜን" አሉ። እኔ ከሳፋው አጠገብ ማይክ ይዤ ቆሜ ሁሉንም "እኔ፣ እኔ" እያልኩ እተረጉማለሁ።

ጆታ ወጣ።

10

(እንግሊዝኛውንም በአማርኛ ነው የምጽፍልሽ።)

ጆታ፦ እኔ የምተወው… አንዲት ልጅ ናት።

እኔ፦ እኔ የምተወው አንዲት ልጅ ናት።

ፈረንጆቹ፦ ኦ።

ጆታ፦ ማንም አያውቅም። ጥሩ ልጅ ናት። እሷ ምንም አላጠፋችም።

እኔ፦ ማንም አያውቅም። ጥሩ ልጅ ናት። እሷ ምንም አላጠፋችም።

ጆታ፦ ከጌታ አስበልጬ ወደድኳት።

እኔ፦

ወንድም ታረቀኝ፦ ሐሱ።

እኔ፦ ወደድኳት።

ዶና፦ የኔ ልጅ፣ እስቲ ጠይቂልኝ። ልጅቷ ታውቃለች?

እኔ፦ ልጅቷ ታውቃለች ወይ?

ጆታ፦ (ሳፋውን እያየ) አሁን አወቀች።

እኔ፦ አሁን አወቀች።

ዱብ።

11

ስለ ቁጥር 10 ማብራሪያ።

"ከጌታ አስበልጬ" የሚለውን አልተረጎምኩትም። መተርጎም አቅቶኝ አይደለም። ፈረንጆቹ ሁሉንም ወሰዱ፣ እንባውንም፣ በስልካቸው የቀረጹትን ቪዲዮም፤ እቺን አንድ ቃል ለራሴ አስቀረኋት።

12

"አሁን አወቀች" ሲል አዳራሹ ተንሾካሾከ። ልጅቷ እዚሁ አለች ማለት ነዋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንድም ታረቀኝ ተነስቶ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ሴት ሴቱን በዓይኑ ለቀመ። አንድ በአንድ። ራኬብ ላይ ቆየ። ራኬብ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። የኋላውን ረድፍ ጨረሰ፣ እንደገና ከፊት ጀመረ።

እኔ ክንዱ ስር ነበርኩ። ማይክ ይዤ።

አንድ ጊዜ እንኳ አላየኝም።

13

ከዚያ ዶና ሁላችንም እንድንነሳና ለዚያች ልጅ እንድንጸልይ ጠየቀች። እሷ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሌላው በአሜን።

ጌታ ሆይ፣ ስለዚያች ልጅ እንለምንሃለን።

አሜን።

ዛሬ ልቧ ይሰበራል።

አሜን።

ብቻዋን አትተዋት።

አሜን።

የሚያቅፋት ሰው አዘጋጅላት።

አሜን።

እኛ ስሟን አናውቅም፣ አንተ ግን ታውቃለህ።

አሜን። አሜን።

እዚህ ጋ እንባዬ አመለጠኝ። ዶና ማይኩን ከነእጄ ይዛ አቀፈችኝ። ብርቱካናማ ቲሸርቷ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይሸታል። "ለማታውቂያት ልጅ ታለቅሻለሽ፤ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?" አለችኝ።

ጸሎቱ ተሰምቷል ማለት ነው፣ እንግዲህ። የሚያቅፋት ሰው ተገኘ።

14



(ባዶ የተውኩት አውቄ ነው። እዚህ ጋ ሽንት ቤት ነበርኩ።)

15

ሳፋው ለራት ይፈለግ ስለነበር የኩሽናዋ እትዬ ውሃውንም ድንጋዩንም ከኩሽና ጀርባ ደፋችው። ራኬብ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። የሁላችንም ኃጢአት ጭቃ ላይ ተከምሮ ዝናብ ይመታዋል። ስልክ፣ ስልክ፣ ኩራት፣ ስልክ፣ እናቴን መዋሸት፣ እንቅልፍ።

"ይሄ የኔ ነው" አለች ራኬብ፣ ድንጋዩን አንስታ። "መልሼ እወስደዋለሁ፣ ዛሬ እፈልገዋለሁ።"

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ለቅሶዬ መጣ። ራኬብ ሰፊ ቲሸርቷን ጎትታ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ፣ ቦታ አልጠፋባትም።

የሱን አገኘሁት። "እሷ" ይላል።

ስሜን ጽፎት ቢሆን ኖሮ እዚያው በድንጋዩ እፈነክተው ነበር። ግን እሷ? በቃ እሷ?

16

በማግስቱ ጠዋት፣ ሻንጣ አውቶብሱ ላይ ሲጫን፣ ጆታ ኪቦርዱን በብርድ ልብስ ይጠቀልል ነበር። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

"ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ብነግርሽ ይቅር ትዪኝ ነበር፣ ከዚያ ልተውሽ አልችልም ነበር።"

"ስለዚህ በኔ አፍ።"

"አንቺ ሳትሆኚ ሌላ ሰው የሚተረጉም መስሎኝ ነበር…" አለና አቆመ። ውሸት አይችልም። "አይ። አንቺ እንደሆንሽ አውቅ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጨርሼ አልናገርም።"

ብርድ ልብሱን በአንድ በኩል ያዝኩለት። ለምን እንደያዝኩለት አትጠይቂኝ።

"ረቡዕ ለት ነው የገባኝ" አለ። "የጨበጥከውን ሳትለቅ ስትይ።"

"ዶና ናት ያለችው።"

"ባክሽ ሐሱ። እኔም እንግሊዝኛ እሰማለሁ። እሷ ስለ ጀልባ ነበር የምታወራው።"

 አብረን በነበርንበት ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጌታ ሲሰበክለት አንድም ቀን እጁን አይቶ አያውቅም። እኔ ነኝ ያሳየሁት።

"አሁን እንዴት ነህ?" አልኩት።

አሰበ። ለኔ ሲል አለመዋሸቱ ነው የገደለኝ።

"ቀለለኝ" አለ።

17

ቀለለኝ።

18

የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ አለው ትለን ነበር። እዚህ ድረስ ሐተታው ነው። ካምፑ ካለቀ ቆይቷል። ጆታ አሁንም እሁድ እሁድ ይመታል፣ እንዲያውም አሻሽሏል። እኔም አሁንም እንግዳ ሲመጣ እተረጉማለሁ። ኬብሉን አንድ ትንሽ ልጅ ተመድቦለት ብቻውን ይጠቀልለዋል፣ ጠመዝማዛ አድርጎ፣ ሲያናድድ።

ቤት ውስጥ "ምን ሆንሽ?" ያለኝ የለም። ውጤት እየጠበቀች ነው ብለው ነው። ለውጤት የሚጨነቅ ሰው ምግብ ቢተው ያስመሰግነዋል።

ዛሬ ግን ዶና ጻፈችልኝ።

19

የዶና መልእክት፣ በኔ ትርጉም፣ ምንም ሳላስቀር፦

"የኔ ውድ ሐሴት፣ ሁላችንም እንወድሻለን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ የሴቶች ኅብረታችን በየሳምንቱ ለዚያች ልጅ ይጸልያል። አንዷ እህታችን ለሷ ስትል ጾም ይዛለች። ሁሌ ስሟን ይጠይቁኛል፣ እኔም አላውቅም እላለሁ። አንቺ ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ። ማን እንደሆነች ደርሰሽበት ይሆን? በስሟ ልንጸልይላት ነው። ስሟን ብቻ ላኪልኝ።"

20

ብልክላት ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ዶና ለወንድም ታረቀኝ ትጽፋለች። ለክፋት አይደለም፣ አብሮ እንዲጸልይ። እኛ ቤተክርስቲያን ወሬ የሚሄደው በጸሎት ርዕስ ነው። እስከ እሁድ ድረስ ጆታ ኋላ ወንበር ላይ ነው፣ እኔን ጥሎም ቢሆን፤ "ለምን ደበቅከን" ይባላል። እኔም ማይክ አልይዝም። ራኬብ ትተረጉማለች፣ እግዜር ይሁናቸው።

ባልልክላትስ? ባልልክላት፣ እኔን በስሜ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ደህና የሆንኩ ይመስለዋል፣ ባሕር ማዶ ያሉ የማላውቃቸው እናቶች ደግሞ ለኔ ይጾማሉ። ለኔ ግን አይደለም። ለ"እሷ" ነው።

"አላወቅኳትም" ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት።

"አሁን ደህና ናት፣ ጾሙን ተዉት" ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት። ሴትየዋ በባዶ ሆዷ እኮ ነው ያለችው፣ እንዴት እዋሻታለሁ።

ዶና መስመር ላይ ናት። መጻፌን እያየች ነው፤ ጽፌ ማጥፋቴንም። "አይዞሽ፣ ጊዜ ውሰጂ" አለችኝ አሁን።

21

ስልኩን ያዢልኝ እስቲ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ?

መጀመሪያውን ጽፌልሻለሁ።

ውድ ዶና፣ የልጅቷ ስም