በሬዲዮ የጮኸው ፓተንት

የኦግንየን ሶፍትዌር ከተራራ መንደር ክሊኒኮች የሚነሱ የራጅ ፎቶዎችን በተበላሸ የስልክ መስመር ኒሽ ከተማ ሆስፒታል ያደርሳል። መስመሩ መሀል ላይ ቢቋረጥ እንኳ የጎደለውን ቁራጭ ከጎኑ ካሉት አስልቶ ይሞላዋል። አንድ የውጭ ኩባንያ ታዲያ ዘዴው የእኛ ፓተንት ነው፣ የፈጠራ መብቱ በስማችን ተመዝግቧል ብሎ ተነሳ። ኦግንየን ዛሬውኑ ፈርሞ ሶፍትዌሩን ካልዘጋ ኩባንያው ነገ በፍርድ ቤት ያዘጋዋል።

አንጀት የሚያሳርረው፣ ዘዴውን ያመጣው ራሱ ኦግንየን መሆኑ ነው። ተማሪ ሳለ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአየር ላይ ያስተላልፍ ነበር። ፕሮግራሙ ጩኸት ሆኖ ይመጣል፣ ሰው በካሴት ይቀዳዋል፣ ከካሴቱ ወደ ኮምፒውተሩ ይጭነዋል። ሞገዱ እየቆራረጠ ቢያስቸግረው ነው የጎደለውን የሚሞላ ፕሮግራም ሠርቶ ለጣቢያው የላከው፤ እሱም በአየር ላይ ዋለ። ከፓተንቱ በፊት በአደባባይ መሰማቱ ከተረጋገጠ ፓተንቱ ገደል ይገባል። ግን በምን ይረጋገጥ? ካሴት ብርቅ ነበርና ሁሉም ፕሮግራሙን ከጫነ በኋላ ዘፈን ቀዳበት። የኦግንየንን ካሴት የገዛ ወንድሙ የሠርጉን ባንድ ቀድቶበታል። ያልደወለለት የድሮ ጓደኛ የለም፤ ሁሉም ጋ የተረፈው ጭፈራ ብቻ ነው።

የኦግንየን ጠበቃ ሚሊያና የሚፈረመውን ወረቀት ይዛ የመጣችው አክስቱ ስታሜንካ ቤት ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ለክረምት ቃሪያ የሚጠብስበት ሰሞን ስለሆነ ኦግንየን ሌላ ቦታ አይገኝም።

«ስለዚያ ፉጨትህ ነው የምታለቃቅሰው?» አለች ስታሜንካ ቃሪያውን እያገላበጠች። «ዘፈኔን ያበላሸብኝ እሱ አይደል።»

«የቱን ዘፈን?»

«በዘመን መለወጫ ዋዜማ ከሬዲዮ ዘፈን እንዲቀዳልኝ ቴፑን ከፍቼ ወጥ ላማስል ሄድኩ። ስመለስ ድመቶች የተጣሉ ይመስል ይንጫጫል። ዘጋሁት። አለቀ ብዬ ወዲያው ብከፍተው አሁንም እዚያው ነው። ያንተ መሆኑን ያኔ ባውቅ ጆሮህን ነበር የምጠመዝዘው።»

ኦግንየን የያዘው ቃሪያ ከእጁ ወደቀ። «ካሴቱ የታለ፣ አክስቴ?»

«ይጣላል እንዴ? በጀርባው የምወደው ዘፈን አለ።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተተራመሰ። ኦግንየን በገዛ እጁ የገጣጠመውን አሮጌ ኮምፒውተር ከቆጥ አወረደ፣ ሚሊያና ባለ ሹል ታኮ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁምሳጥን በርብራ ካሴቱን አወጣች። ቴፑ ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዞ ሲከፈት የሬዲዮው አስተዋዋቂ ድምፅ መጣ፦ «እንኳን ለ1986 አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። አሁን የኒሹ ኦግንየን የላከልንን ፕሮግራም እናስተላልፋለን። ካሴታችሁን አዘጋጁ።»

«ስምህንም ዓመቱንም ጠራልን» አለች ሚሊያና ክንዱን ጭምቅ አድርጋ። «ፓተንታቸው እኮ ከዚህ አስር ዓመት ዘግይቶ ነው የወጣው።»

ጩኸቱ ቀጠለ፤ መሀል ላይ ቀጥ አለና እንደገና ተነሳ። አክስቱ የዘጋችበት ቦታ ነው። የሚሊያና ፊት ጥቁር አለ።

«ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ማስረጃ ይዤ ዳኛ ፊት ልቆም ነው?»

ኦግንየን ግን ደስታው አላስቀምጥ አለው። «ይጉደል እንጂ! የሚሞላው ፕሮግራም ከፊት ተቀድቷል፤ የጎደለው ከኋላው የተከተለው የበዓል ሥዕል ነው። አንድም ነገር ባይጎድል በምን እናሳያቸው ነበር?»

ስክሪኑ ላይ የጥድ ዛፍ ከላይ ወደ ታች እየተሳለ መጣ፤ ወገቡ ላይ ጥቁር ክፍተት ቀረ። ኮምፒውተሩ ቆመ። ቃሪያው እያረረ ነው፣ ዘወር ብሎ ያየው የለም። ከዚያ ክፍተቱ ነጥብ በነጥብ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ሞላ። ኦግንየን እንባው መጣ፣ አልደበቀውም።

የሚሊያና ስልክ ጠራ፤ የኩባንያው ጠበቃ ነበር። ፈርማችኋል ወይ አለ። እሷ ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰችና ስልኩን ቴፑ ላይ ደገነች።

«ምንድን ነው ይህ ጩኸት?» አለ ሰውየው።

«ፓተንታችሁ ነው» አለች። «በሬዲዮ ሲተላለፍ አገር ሁሉ ሰምቶታል። እናንተ ብቻ ናችሁ ያልሰማችሁት።»