ከደረጃ ቤቱ ጀርባ የሚተኛ ውሃ

በዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ ቃል ይልቅ የሬዲዮው የአየር ጠባይ ይታመናል። ሬዲዮው ሲሳሳት "ዛሬስ ተሳሳተ" ብለው ነገ ደግሞ ይከፍቱታል። እኔ ልክ ስሆን "አርጅታለች" ይሉኛል፤ ነገም የሚከፍተኝ የለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጣሪያ ላይ ኖሬአለሁ። ማጋነን አይደለም፤ የበኩር ልጄ ምጥ የጀመረኝ መሰላል ላይ ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቆርቆሮ መቺ ነበር። እጁ ወርቅ ነው፤ ዓይኑ ግን ቀጥ ያለ ነገር አያይም ነበር። ገመድ የምወጥረው፣ ቁልቁለቱን የምለካው፣ "እዚህ ጋ ውሃ ይተኛል፣ ትንሽ ከፍ አድርገው" የምለው እኔ ነኝ። ሰው ግን ሥራው ሲያልቅ ቀና ብሎ አይቶ "አቤት የሰውየው እጅ" ይልና ይሄዳል። እኔ የቆርቆሮ መቺው ሚስት ነበርኩ፤ እሱ ካረፈ አሥራ ሦስት ዓመት አለፈው፣ ዛሬም የቆርቆሮ መቺው ሚስት ነኝ። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በቆርቆሮ ጀርባ የታተመው ላይ እያፈጠጥኩ ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ያነበብኩትን ግን አልረሳም።

መሰላል ላይ ያማጥኩት ልጅ ዛሬ አርክቴክት ነው። መሰላል ግን አይወጣም፤ ራሱን ያዞረዋል። ቢሮውን በቤታችን የፊት ክፍል ከፍቶ ሁለት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ገትሯል። አንዱ ላይ የልጅ ልጄን፣ የራሱን ልጅ፣ አስቀምጧታል። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የተመረቀችው አምና ነው። የምትሠራው እሷ፣ ስልክ የሚያነሳው እሱ። አያቷም እንዲሁ ነበረች፤ ነገሩ በዘር ይሄዳል መሰለኝ።

ዘንድሮ ልጄ ቤታችንን ሊያድስ ተነሳ። ከአሮጌው ቤት ጀርባ ትንሽ ጓሮ አለች፤ ከጓሮዋ ማዶ ደግሞ አምና ያሠራው የደረጃ ቤት፣ የውሃ ታንከር የተሸከመ ጠባብና ረጅም ግንብ፣ ቆሟል። "ጓሮዋ ላይ ላንቺ አዲስ ክፍል ይወጣል፤ መታጠቢያ ቤቱ አጠገብሽ ይሆናል፤ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይገባል" አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ሌሊት መታጠቢያ ቤት እስክደርስ ቤቱን በሙሉ አቋርጣለሁ። ቆርቆሮ መቺዎቹ ቅዳሜ መጥተው አሮጌውን ጣሪያ ሊያነሱ ቀጠሮ ተያዘ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገባሁና "እስቲ ቤቴን አሳዪኝ" አልኳት የልጅ ልጄን።

"ይቀመጡ እማማ" ብላ ወንበር ሳበችልኝ።

እንዴት እንደሚሠራ ልታሳየኝ ጣሪያውን አንስታዋለች፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ግድግዳዎቹ ያለ ክዳን ቆመዋል። በማውሱ አንድ በአንድ ትነካቸዋለች፤ ቁልቁለቱ ከየትኛው ወገን እንደሚጀምርና ምን ያህል እንደሚሆን ትጽፍለታለች፤ ጣሪያው ብድግ ብሎ ይቀመጣል። እኔና ባሌ አሥራ ሁለት ቀን ላባችንን የምናፈስበትን እሷ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው። አስቀናኝ። ደግሞ ቤቱን እንደ ድስት ክዳን ወዲያና ወዲህ ታዞረዋለች። ፀሐይ አለው፣ ዛፍ አለው፣ በደጃፋችን ውሻውን እየጎተተ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር አለው።

"ዝናቡስ?" አልኳት።

"ዝናብ እንኳ የለውም እማማ።"

"ታዲያ ጣሪያው ምን ሊሠራ ወጣ?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። "ወደ ጓሮ አዙሪው" አልኳት፣ አዞረችው። ጣሪያው ከፊት ወደ ኋላ በአንድ ወጥ ቁልቁለት ይወርዳል። የውሃውን መንገድ ዘግቶ ግን የደረጃ ቤቱ ግድግዳ ተገትሯል፤ ሦስት ሜትር ስፋት አለው። ከላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ይመጣና ግድግዳው ሥር ይተኛል። የተኛ ውሃ ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ምስማር ይበላል፣ እንጨት ያበሰብሳል፣ ከዚያ ወደ ቤት ይገባል። እኔና ባሌ እንዲህ ያለ ቦታ ስናገኝ ኮርቻ እናደርግለት ነበር፤ ከግድግዳው ጀርባ መሃሉ ከፍ ብሎ ጎንና ጎኑ የሚወርድ፣ ውሃውን ለሁለት ከፍሎ ግራና ቀኝ የሚያባርር ትንሽ ክዳን ነው።

"እዚህ ጋ ውሃው የት ይሄዳል?" ብዬ በጣቴ ነካሁት።

የልጅ ልጄ እጇ ቆመ። የአባቷን በር አየች። "አባዬን ይጠይቁት" አለችኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ አልነቃሁም። ባታውቀው ነው ብዬ አለፍኩት።

ልጄ ስልኩን በትከሻው ይዞ ወጣ። ነገርኩት።

"እማዬ፣ ፕሮግራሙ አስልቶታል" አለኝ።

"ፕሮግራሙ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያውቃል?"

"አንቺ የምታውቂው የድሮውን ነው። አሁን ሲሊኮን አለ፣ ስንት ዓይነት ማሸጊያ አለ።"

"ሲሊኮኑ ስንት ክረምት ይችላል?"

"ሰው ይጠብቀኛል እማዬ" ብሎ ወጣ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እሰማ ነበር። የእኔ ደግሞ ወንዱ ነው፣ ያውም ያማጥኩት።

ማክሰኞና ረቡዕ ያንን ኮምፒዩተር ስሰድብ ዋልኩ። ሳልፍ "ደንቆሮ" እለዋለሁ፤ ስመለስ "የመብራት ሌባ" እለዋለሁ። ምሳ ላይ "ያ ዓይነ ስውር በላ ወይስ ጾሙን ዋለ?" ብዬ ጠየቅኩ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ እንጀራውን ይጠቀልላል። የልጅ ልጄም አቀርቅራ ትበላለች። ዝምታቸውን ለንቀት ቆጠርኩት፣ ባሰብኝ።

ሐሙስ የጫማ ካርቶን ክዳን ቆረጥኩ፣ ላዩን በላስቲክ ሸፈንኩ፣ ጫፉን በመጽሐፍ ከፍ አድርጌ አዘነበልኩት። የደረጃ ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ሳሙና ሆነልኝ፤ ሳሙናው የሚቆምበት ጋ ላስቲኩን ቀድጄ አጣበቅኩት፣ እንደ ማንኛውም ጣሪያ መገጣጠሚያ እንዲኖረው። ይዤው ቢሮ ገባሁ። ልጄ ቅዳሜ ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ካርቶኔን ፕላኑ ላይ አስቀመጥኩት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ቤትህ ነው" አልኩትና አንድ ብርጭቆ ውሃ ከላይ ለቀቅኩበት።

ውሃው ወረደ፣ ሳሙናው ጋ ደረሰ፣ ቆመ። እኛም ቆመን አየነው። ተጠራቀመ፣ በስንጥቁ ገባ፣ ካርቶኑ አበጠ፣ ሆዱ ወረደ፣ ከዚያ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዥው ብሎ ፕላኑ ላይ ፈሰሰ።

"እማዬ፣ ኮምፒዩተሩ" ብሎ ዘሎ ገመዶቹን ሰበሰበ።

"ምን ሆነ? ዝናብ አያውቅም መሰለኝ።"

"ካርቶንና ቆርቆሮ አንድ ነው እንዴ?"

"ውሃው አንድ ነው" አልኩት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። "ይሄ ዕቃሽ ይህችን ማየት አቃተው። አንቺም እሱን ተማምነሽ አብረሽው ታወርሽ።"

ፊቷ ቀላ። ማውሱን አስቀመጠች።

"እማማ፣ ፕሮግራሙን አይስደቡት። እኔንም አይስደቡኝ።"

"ለምን አልሰድብ?"

"አይተነው ነበር።"

"ተይ አንቺ" አለ አባቷ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አልተወችም። የድሮውን ቅጂ ከፈተች፤ ለካ ሥራውን በየቀኑ እየለየች ታስቀምጠዋለች። ያው ቤት ነው፣ ያው ፀሐይ፣ ያው ባለ ውሻ። ከደረጃ ቤቱ ጀርባ ግን ኮርቻው ተቀምጧል። አስጠጋችልኝ። መሃሉ ከፍ ብሏል፣ ግራና ቀኙ ይወርዳል፣ ውሃው ግድግዳውን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ስፋቱ ልኩን ነው። እኔ ገመድ ወጥሬ ብሠራው ከዚህ አላሻሽለውም።

"ከየት አመጣሽው?"

"ልጅ ሆኜ እርስዎ ሲያወሩ ነው የሰማሁት። ትምህርት ቤትም በሌላ ስም አስተማሩን።"

ቀጥላ አባቷ በሥዕሉ ላይ የጻፈላትን አሳየችኝ። ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ የሚያጣድፈኝ አልነበረም። "ይህ ይጥፋ። ከላይ ሲታይ ያስጠላል" ይላል።

"ከላይ ማነው የሚያየው?" አልኩት ልጄን።

"ምስሉ እማዬ። ለደንበኞች የማሳየው ምስል ከላይ ነው። ጣሪያው አንድ ወጥ ሆኖ እንደታጠፈ ወረቀት ጥርት ብሎ መታየት አለበት። የኔ ቤት እኮ ነው፤ ሰው ሥራዬን በሱ ነው የሚለካው።"

"ከላይ የሚያየን እግዚአብሔርና ቁራ ነው። ሁለቱም ቤት አያሠሩም።"

የልጅ ልጄ ሳቋን ዋጠችው። እኔ ግን አፍሬ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የሰደብኩት ማሽን ያሳዩትን ሁሉ አስቀምጦ ጠብቆታል፤ የደበቀው ከማህፀኔ የወጣው ነው። እሳት አመድ ወለደ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። "ታወርሽ ያልኩሽን መልሼዋለሁ" አልኳት ልጅቷን። ከአፌ ይቅርታ ይህን ያህል ነው የሚወጣው፤ ታውቀዋለች፣ ራሷን ነቀነቀች።

ልጄ እርጥቡን ፕላን በእጅጌው እያደረቀ "ለምን ታካብጅዋለሽ" አለኝ። "በደንብ ይታሸጋል። ትንሽ ቢያንጠባጥብ እንኳ ከሥሩ ያለው ዕቃ ቤት ነው።"

ይህን ብሎ አፉን ዘጋ። ዘግይቶ ነው የዘጋው።

"የምን ዕቃ ቤት?"

የልጅ ልጄ ወለሉን ታያለች። ፕላኑን ከእጁ ወሰድኩት። የደረጃ ቤቱን ግድግዳ በጣቴ ፈለግኩ፤ ግድግዳ በወረቀት ላይም ግድግዳ ነው፣ አይጠፋኝም። ግድግዳውን ተደግፎ የእኔ ክፍል፣ ከክፍሌ በውጭ በኩል መታጠቢያ ቤቱ። አልጋዬ የሚቆምበት መሃል ላይ "ዕቃ ቤት" የሚል ተጽፏል። ሁለቴ አነበብኩት።

"ይሄ ክፍሌ አይደለም?"

"ነው እማዬ። ለግንባታ ፈቃዱ ብዬ ነው። መኝታ ቤት ነው ካልኩ መስኮት ይጠይቁኛል። መስኮት እንዲወጣ መታጠቢያ ቤቱ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ እሱ ከገባ ጣሪያው ይሰበርና ቅርፁ ይበላሻል። ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ አንቺ እኮ እዚያው ነው የምትተኚው።"

"መስኮት በሌለው።"

"አየር ማስገቢያ አለው።"

"ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር።"

"አያፈስም አልኩሽ።"

"አሁን 'ቢያንጠባጥብ እንኳ' ያልከው አንተ ነህ ወይስ ባለ ውሻው ነው?"

እኔ ውሃ አልፈራም። እሱ ልጅ ሆኖ ሲያተኩሰው ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ሳፋ ጭኔ ላይ ይዤ ጠብታውን በሳፋ እየተቀበልኩ እሱን በደረቅ አስተኝቼዋለሁ። ያናደደኝ ጠብታው አይደለም። ደጃፋችንን አልፎ ለሚሄድ፣ ስሙን ለማናውቀው፣ በዓለም ላይ ለሌለ ሰው ውሻ ሳይቀር አስቦለታል። ለደጃፉ ዛፍ አስቦለታል። ለቁራ እንኳ የሚያምር ጣሪያ አስቦለታል። እኔን ከአሮጌ ወንበርና ከባዶ ጀሪካን ጋር አስቀመጠኝ። አስቀምጦም፣ ቅዳሜ ጣሪያዬ ሊነሳ፣ ሳቄን እያየ "ደስ አለሽ?" ሲለኝ ሰነበተ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን አሁን ገባኝ።

ስልኩ ጠራ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"ተነሺልኝ ልጄ" አልኳት የልጅ ልጄን። ተነስታ ወንበሩን ለቀቀች። ስልኩ እየጠራ ነው።

"ቁጭ በል" አልኩት። "እሷ አትሠራልህም፤ እሷ ሠርታ ነበር፣ ያጠፋኸው አንተ ነህ። መጀመሪያ ኮርቻውን ቦታው መልስ፤ እሷ ባደረገችው ልክ፣ አንዲት ጣት ሳትቀንስ። ቀጥለህ ዕቃ ቤት የሚለውን አጥፋና የእናቴ መኝታ ብለህ ጻፍ። መስኮት ከጠየቁህ መስኮት አውጣ። መታጠቢያ ቤቱ ይግባ፣ ጣሪያውም ይሰበር፤ ተሰብሮ የማያፈስ ጣሪያ ስንት አይቻለሁ። ለቆርቆሮ መቺዎቹ ደግሞ ቅዳሜ አትምጡ በላቸው፤ ይህ ሁሉ አልቆ እኔ ሳላየው ከቤቴ ላይ አንድ ምስማር አይነቀልም። ስልኩን እዚያ አስቀምጥና ጀምር።"