ደርሶ ያልጨረሰው ኮምፒዩተር

ጦቢያ ልጅቷን የጠላቻት ገና በሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ነው። ሺቫ፣ የሰባት ቀኑን የአይሁድ ለቅሶ፣ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደርሶ በብስክሌት ወደ ሥራ ሲሄድ የጭነት መኪና ገጭቶት መሞቱን የሰማ ሁሉ ከየከተማው እየመጣ፣ አልቅሶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ይቺ ግን አላለቀሰችም። ዓይኗ እንዳበጠ ግድግዳው ላይ ያለውን የደርሶን ፎቶግራፍ ዝም ብላ ስታይ ቆየች፤ ለቅሶዋን ሌላ ቦታ ጨርሳ የመጣች ትመስላለች። ጦቢያን ያበሸቃት ይኸው ነው። ማን ናትና ነው ለኔ ወንድም ተደብቃ የምታለቅሰው?

ለአክስታቸው ለእትዬ አየለች እንደነገረቻት ስሟ ኦሽራት ነው። ከደርሶ ጋር አንድ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ቤቷ አቲቆት ሰፈር ነው። ሰዉ ቀለል ሲል ወደ ጦቢያ ተጠጋች።

“እትዬ ጦቢያ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደርሶ ካርቲስ ማሳኽ ነበረው፤ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ የስክሪን ካርድ። ብርማ ከረጢት ውስጥ ነው። አይተሽዋል?”

“አላየሁም” አለች ጦቢያ።

አይታዋለች። ከቀብር በተመለሱ ማግሥት መሳቢያውን ስትከፍት ካልሲዎቹ ሥር አግኝታው፣ የፋብሪካ ዕቃ መስሏት መልሳ አስቀምጣዋለች።

ኦሽራት መሬት መሬት እያየች ነገሩን አስረዳቻት። ካርዱን ለደርሶ የሰጠው አንድ የሥራ ባልደረባው ነው፤ ደርሶ ሁለት ሳምንት በሱ ፈረቃ ስለሠራለት። ለጌም የሚሆን ጥሩ ካርድ ነው፤ ችግሩ የሚሰካበት ኮምፒዩተር ደርሶ አልነበረውም። እናም ካርዱን ይዞ ሌላውን ሁሉ በሱ ልክ በርካሽ ይፈልግ ጀመር። ቀፎውን አንድ ቢሮ ሊጥለው ሲል አነሳው። ሁሉም የሚሰካበትን ማዘርቦርድ፣ የካርዱ መሰኪያ ያለው መሆኑን አይቶ፣ ሚግዳል ሰፈር ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ያገለገለ ገዛ። ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ብቻ አዲስ አደረገው፤ ደካማ ከሆነ ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ሁሉም ነገር ድርግም ይላል ብሎ። ሰባት ወር ፈጀበት። አሁን የጎደለው ካርዱ ብቻ ነው። የኦሽራት ታናናሾች እንዳይነካኩት እቤቱ ነበር የሚያስቀምጠው።

“ሌላው ሁሉ እኔ ክፍል ነው” አለች።

ጦቢያ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ይህቺን ብቻ ነው። እኔ ክፍል።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እናታቸው ሱዳን መጠለያ ውስጥ ስትሞት ጦቢያ አሥራ ሁለት፣ ደርሶ ሦስት ዓመታቸው ነበር። አዝላው ወደዚህ አገር መጣች፤ እዚህም አሳደገችው። ሁለት ጊዜ ለትዳር ተጠይቃ ልጁ ይደግልኝ ብላለች። ቀን ቀን የሰው ሽማግሌ እያጠበች፣ ማታ እሱን ታበላለች። ካደገ በኋላ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ መጣ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ሃይፋና ቤርሼባ ካሉ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር እየተጫወተ ይስቃል። እሷ ጋ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። አንድ ቀን እራት ቀርቦ ሦስት ጊዜ ጠራችው። አልሰማም። ሄዳ ከግድግዳው ሶኬቱን ነቀለችው።

ደርሶ ጨለማውን ስክሪን ትንሽ አይቶ፣ ተነስቶ፣ እጁን ታጥቦ በላ። በሳምንቱ ኮምፒዩተሩን ለጎረቤት ልጆች ሰጠ። ያኔ ወንድሜ ተመለሰልኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ለካ ሳቁን ይዞ ሌላ ቤት ነው የገባው።

ኦሽራት በአራተኛውም በአምስተኛውም ቀን መጣች። ስለ ካርዱ ደግማ አላነሳችም። ብርጭቆ ታጥባለች፣ ወንበር ታመላልሳለች። እትዬ አየለች ወደዳቻት፤ ደርሶ እንዲህ ያለች ልጅ እያለችው ምነው ሳያሳየን ብላ ለለቀስተኛው አወራች። ጦቢያ ይህን በሰማች ጊዜ ተነስታ ካርዱን ከመሳቢያው አወጣችና በራሷ የልብስ ሻንጣ ሥር ቀበረችው። ምን እንደሚያደርግላት አታውቅም። ልጅቷ እንዳታገኘው ብቻ ነው የፈለገችው።

በስድስተኛው ቀን ኩሽና ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ሆኑ።

“ቤት አጥቶ ነው ኮምፒዩተሩን አንቺ ዘንድ የሚሠራው?” አለች ጦቢያ። “ከኔ ምን ቢያይ ነው?”

ኦሽራት የምታጥበውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

“እኔም ጠይቄው ነበር። እህቴ ስትጠራኝ መስማት አለብኝ አለኝ።”

“ምን ማለት ነው?”

“ሱዳን ጠፍቶብሽ ነበር አይደል? አክስትሽ ያኔ አብራችሁ ስለነበረች ነግራዋለች። ማዳመጫ አድርጌ ዝም ስላት ያ ቀን ይመጣባታል፣ ሶኬቱን የነቀለችው ተናዳ አይደለም፣ ፊቷን አይቼዋለሁ አለኝ። እቤት ከሆንኩ መጫወት አልችልም፣ ስለዚህ እዚህ ልሥራው አለ።”

ጦቢያ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ያኔ ደርሶ እህል ሊቀበሉ ከተሰለፉበት መሐል እጇን ለቆ ጠፍቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ድንኳን ለድንኳን እየዞረች ስሙን ጠርታለች። ድምጿ ተዘጋ። በመጨረሻ ከቆመ መኪና ሥር ተኝቶ አገኘችው። ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም፤ ከሶኬቱ ጋርም አገናኝታው አታውቅም። እሷ ያላወቀችውን እሱ አውቆላት፣ ለሷ ሳይነግር ለዚህች ልጅ ነግሯታል። ቅናቱ እዚያው ኩሽና ውስጥ እንደገና ወጋት። አሁን ግን ልጅቷን መጥላት አቃታት።

በሰባተኛው ቀን ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሰዉ ሲበተን፣ ጦቢያ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ኦሽራት ደጅ ወንበር እየደራረበች ነበር።

“ዋሽቼሻለሁ” አለቻት፣ ከረጢቱን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ። “ነይ ቤትሽ ውሰጂኝ።”

አቲቆት ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ክፍሉ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ጎኑ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ገመዶቹ በክር ተጠቅልለው በሥርዓት ታስረዋል። ወንበሩ ላይ የደርሶ ሹራብ አለ፤ ጠፋብኝ ብሏት ጦቢያ ክረምቱን ሁሉ ስትፈልገው የከረመችው። አየችውና ዓይኗን መለሰች።

ኦሽራት ካርዱን ከከረጢቱ አውጥታ ከመሰኪያው ጋር አስተካከለችና ቆመች። “አንቺ ግፊው” አለቻት። ጦቢያ እንዳልሰብረው አለች። አይሰበርም፣ እሱም እንዲህ ነበር የሚፈራው አለች ኦሽራት። ጦቢያ በሁለት አውራ ጣቶቿ ገፋችው፤ ቀጭ ብሎ ገባ።

ሲበራ ማራገቢያዎቹ አንዴ ጮኸው ዝግ አሉ። ስክሪኑ ላይ ነጭ ፊደሎች መጡ፤ ኦሽራት አፏን በእጇ ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች። ጦቢያ ስክሪኑን አላየችም። ሞቅ ያለው አየር ከኋላ በኩል ሲወጣ ስለተሰማት መዳፏን ዘርግታ አስጠጋች። ነፋሱ ቀስ በቀስ እየሞቀ መጣ። በሌላ እጇ ኦሽራትን ሳብ አድርጋ፣ መዳፏን ከራሷ መዳፍ ጎን አስቀመጠችላት።