የሰማታር ቀይ አምፕ

ወልደጻድቅ ግራጫውን አምፕ ከአልጋው ሥር ጎትቶ ሲያወጣ አቧራው አስነጠሰው። በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ነበር ያስቀመጠው፤ ጋቢውን ብል በልቶታል፣ አምፑ ግን ደህና ነው። አምስት ዋት ብቻ ያለው፣ እንደ ድሮ ሬዲዮ በውስጥ አምፖል የሚሠራ ትንሽ የጊታር ድምፅ ማጉያ ነው፤ አንድ ስፒከር፣ ሁለት መዘውር፣ በቃ። የዛሬ ልጆች ቢያዩት መጫወቻ ይመስላቸዋል። የማያውቅ ሰው ነው ትልቅ አምፕ የሚወደው። ትልቁን ጥግ ድረስ ካልከፈቱት አይዘፍንም፣ ጥግ ድረስ ከከፈቱት ደግሞ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ትንሹ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ሙሉ ድምፁን ያወጣል።

«ዛሬ ይለይለታል» አለ ለራሱ። ሚስቱ ተሻለች ከሞተች ወዲህ ለራሱ ማውራት ለምዷል።

የሚለየው ነገር አሮጌ ነው። በደርግ ጊዜ ድሬ ውስጥ ጥቂት የባቡር ሠራተኞች ያቋቋሙት ባንድ ነበር፤ ወልደጻድቅም ሰማታርም ጊታር ይመቱበት ነበር። ከጅቡቲ ሁለት ትናንሽ አምፖች መጡ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ። የባንዱ አለቃ ቀዩን ለሰማታር፣ ግራጫውን ለወልደጻድቅ ሰጠ። ይኼ ባልከፋ። ቀጥሎ ግን በሰው ሁሉ ፊት፣ «ሰማታር ይምራ፣ አንተ ከኋላ ሆነህ አጅበው» አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ ወልደጻድቅም አልጠየቀም። ካሴት ሲቀዱ ሰማታር ገባ፣ ወልደጻድቅ የሰው ኮት ይዞ በር ላይ ቆመ። ጅቡቲ ለሠርግ ሲጠሩ ቦታ ጠበበ ተባለ፤ የጠበበው ለእሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወልደጻድቅ ሌላ ወሬ አያውቅም። «ሰማታር ምን አለው? ያ ድምፅ የቀዩ አምፕ ነው። ቀዩ ለኔ ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ታዩኝ ነበር።» በሰፈሩ በከዚራ ዛፍ ሥር ለሚቀመጠው ሁሉ አወራው። ሲደጋገም ሰው አመነው። ወሬው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሰማታር ሰፈር፣ ወደ መጋላ ዘልቆ ጆሮው ሲገባ ሰማታር ሳቀ። «ግራጫውን ይዞ ይምጣና እናወዳድራቸው» ብሎ ላከበት። ወልደጻድቅ፣ «ከፈለገ እሱ ይምጣ» አለ። ባንዱ ፈረሰ፣ አሮጌው ባቡር ቆመ፣ አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ ማለፍ ጀመረ፣ የሁለቱም ፀጉር ነጣ፤ ወልደጻድቅ አልሄደም።

አሁን የሚሄደው የሰማታር ልጅ ዐያን ስለደወለች ነው። «አዴር» አለችው፤ የአባቴ ወንድም እንደማለት ነው በሶማሊኛ። «አባቴ ግማሽ ጎኑ አይታዘዘውም። አምፑን ይዘህ ና ይልሃል።» አንተ አለችው፤ ድሬ ውስጥ ትልቅ ሰውም አንተ ነው፣ አይከፋበትም።

መንገድ ላይ ባጃጁን ታይዋን ገበያ አስቁሞ ከኤሌክትሮኒክስ ሻጮቹ አንድ ዓይነት የሆኑ አዳዲስ የአምፕ አምፖሎች ገዛ፣ ለሁለቱም። ሰማታር በኋላ አምፖሌ አርጅቶ ነው እንዳይል።

ሰማታር ግድግዳ ሥር ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ተደግፎ ጠበቀው። ቀዩ አምፕ አጠገቡ ነው፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ እንደ እንግዳ።

«መጣህ ወይ፣ አንተ አኩራፊ» አለ።

«ጠራኸኝ፣ መጣሁ።»

«ስጠራህ ሸበትኩ እኮ አቦ። እግርህ ፈጣን ነው።»

«አፍህን አላመመህም።»

«የተረፈው እሱ ነዋ።»

ወልደጻድቅ ዓይኑ ወደ ሰማታር ግራ እጅ ሄደ። ጭኑ ላይ ተቀምጧል፣ ሌላ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል። ክር ላይ ስትሮጥ ያያት የነበረች እጅ ናት። ብዙ ዘመን ሲረግማት ኖሮ አሁን ደስ ይለኛል ብሎ ጠበቀ። ደስታው አልመጣም።

ዐያን ሻይ አስቀምጣላቸው ወጣች። ወልደጻድቅ አምፖሎቹን ቀይሮ ሁለቱን አምፖች ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ የሰማታርን ጊታር አንስቶ ቃኘ።

«እንጀምራ» አለ።

«ቆይ አቦ፣ ዐስር ይድረስ።»

«ዐስር ምን ይሠራልናል?»

«ሙቀቱ ሲብስ መጋላ ሁሉ ቬንትሌተር ይከፍታል፣ መብራቱ ይደክማል። ያኔ አምፕ ጉሮሮው ይለሰልሳል። እኔ ከዐስር በፊት መትቼ አላውቅም። ቀረጻም ቢሆን አስጠብቃቸው ነበር። አታስታውስም?»

ወልደጻድቅ ያስታውሳል። ማስጠበቁን ኩራት ነው ብሎ ነበር የያዘው። እሱ ራሱ የሚለማመደው ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት ነበር፤ ምሽት ዝግጅት ሲኖር ደግሞ የሚሰማው የሰካራም ጫጫታ ነበር።

ጠበቁ። ሰማታር ሲጠብቅ ጆሮውን ወደ ጣሪያው ቬንትሌተር ቀስሮ ነው፣ ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ። አዛን ተባለ። ትንሽ ቆይቶ የቬንትሌተሩ ክንፍ ዘገም አለ፣ የመብራቱም አምፖል ቢጫ ሆነ።

«ስማኝ» አለ ሰማታር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አምፑ ነው እያልክ አገሩን ሞላኸው። እስቅ ነበር። አሁን ተኝቼ ስውል ግን፣ እውነቱን ቢሆንስ እላለሁ። ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበው ለሣጥን ከሆነስ? የሠራሁት አንድ ነገር እሱ ነው፣ ሌላ የለኝም። ሳልሄድ ልወቀው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረኝ። የትኛውን እንደምትመታ አትንገረኝ። ቀዩን በድምፁ ከለየሁት ነገሩ የአምፑ ነው፣ አንተ ልክ ነበርክ። ካልለየሁት የኔ ነበር ማለት ነው።»

ወልደጻድቅ ትከሻውን ደግፎ አዞረው። ሰውነቱ ቀላል ነበር።

ገመዱን መጀመሪያ ግራጫው ላይ ሰካ። መዘውሩን ጥግ ድረስ ከፈተና በድሮ ቅኝት፣ በቀስታ መታ። ከግራጫው የወጣው ድምፅ እጁን ሊያስቆመው ምንም አልቀረውም። በቅናት ሲሰማው የኖረው ድምፅ ነው፤ ጫፉ የለሰለሰ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚያለቅስ። አልጋ ሥር፣ በጋቢ ጠቅልሎ ያስተኛው ድምፅ።

ገመዱን ነቅሎ ቀዩ ላይ ሰካ፣ ያንኑ ደገመ። ያው ነው። ምናልባት ቀዩ ትንሽ ይሻክራል።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባው። ቀይ ሆነ ግራጫ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ መብራቱ እስኪደክም ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ጆሮውን ወደ ቬንትሌተር ቀስሮ አሁን የሚል ሰው። የባንዱ አለቃ የሰማው ይኼንን ነው። ምክንያት ነበረው።

«የመጀመሪያው» አለ ሰማታር ከግድግዳው ጋር እያወራ። «የመጀመሪያው ነው የኔ። ሁለተኛው ያንተ ግራጫ ነው፣ ይሻክራል። አይደል?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። አይደለም ቢል፣ ሰማታር እጁ እንደነበር አውቆ ይተኛል። አይደለም ቢል ደግሞ፣ እሱ ወልደጻድቅ ዕድሜውን ሙሉ በከንቱ እንደጮኸ፣ ኮት ይዞ በር ላይ የቆመው ስለሚገባው እንደሆነ በገዛ አፉ ይናገራል።

«አዎ» አለ። «የመጀመሪያው ቀዩ ነው።»

ሰማታር ቀኝ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ።

«ለየሁት ማለት ነው።»

«ለየኸው።»

«እንግዲያ አምፑ ነበር።»

«አምፑ ነበር።»

«አዙረኝ።» ሲዞር ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። «ስስቅብህ ኖርኩ እኮ። አፉ በለኝ፣ ወልዴ።»

«አፉ ብያለሁ» አለ ወልደጻድቅ።

«ቀዩን ውሰደው። ድሮም ላንተ ነበር የሚገባው። ዐያን፣» ብሎ ጠራ፣ «አዴርሽን አግዢው፣ ቀዩንም ይዞ ይሄዳል።»

ዐያን አባቷንም እሱንም አየች። ጥልፉን ጨርቅ መልሳ ቀዩ ላይ አልብሳ ተሸክማ ባጃጁ ድረስ ወሰደችለት። ወልደጻድቅ በሁለቱ አምፖች መሐል ተጣብቦ ተቀመጠ፤ ባጃጁ ደቻቱን ሲሻገር አንዴ ከቀዩ፣ አንዴ ከግራጫው ጋር እያጋጨው ቤቱ አደረሰው።

ከዚያ በኋላ ዐያን በዐስር ሰዓት ትደውል ጀመር። «አባቴ ቀዩን መስማት አማረኝ ይላል» ትላለች። ወልደጻድቅ ስልኩን ወንበር ላይ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ያስቀምጥና የራሱ ቬንትሌተር እስኪዘገም ይጠብቃል፤ መጠበቅን ተምሯል። የራሱን ጊታር የሚሰካው ግራጫው ላይ ነው፤ ሰማታር የኔ ነው ያለው ግራጫውን ስለሆነ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ መትቶ አያውቅም። አንዳንዴ ሲጨርስ ከመስኮቱ ሥር ሰው ቆሞ ያገኛል።

«ቀዩ ዛሬ ደህና ነው» ይላል ሰማታር በስልክ።

ዛሬ እነግረዋለሁ እያለ ነበር የሚጀምረው። ሲጨርስ፣ «ደህና ነው» ብሎ ይዘጋል። ነገ እነግረዋለሁ ይላል። በመጨረሻ ስልኩ ሲደወል ጠዋት ነበር፣ ዐያንም ስለ አምፕ አላወራችም።

ለታዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ መጋላ ሲሄድ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። የባንዱ ከበሮ መቺ የነበረው ዐብዲወሊ ጎኑ ቦታ ለቀቀለት።

«ባለፈው በደጅህ ሳልፍ ሰማሁህ» አለው። «ዋላሂ፣ ሰማታር ተነሥቶ የመጣ መሰለኝ። ያው፣ የሱ አምፕ ነው፣ ማንም ቢይዘው ይዘፍናል።»

«እኔ የመታሁት በግራጫው ነው» አለ ወልደጻድቅ።

«እሺ» አለ ዐብዲወሊ፣ ልጅ እንደሚያባብል።

ዐያን ወደ ድንኳኑ በር መጥታ ስትጠራው ተነሥቶ ሄደ። ዓይኗ አብጧል። «አባቴ ጊታሩንም ላንተ ብሎ ነው የሄደው» አለችው። «እኔ ምንም አልነበርኩም፣ ድምፁ የአምፑ ነበር አለ። እንዲህ እያለ ነው የሞተ፣ አዴር። ለምን እንደዚያ እንዳለ አልገባኝም።»

«ልጄ፣ ስሚኝ» አለ። «የዚያን ቀን አምፖቹን ስናወዳድር አባትሽ የኔ ነው ያለው ግራጫውን ነው። ዋሸሁት። ሁለቱ አምፖች አንድ ናቸው። ድምፁ የአባትሽ ነበር፣ ጆሮው ነበር፣ እጁ ነበር።»

ዐያን እጁን ያዘችው። ለሐዘንተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚባል ታውቃለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ ደግ ደጉን ሲነግራት ነው የዋለ።

«አላህ ይስጥልኝ፣ አዴር» አለች። «ላጽናናት ብለህ ነው። ግን አምፑ ነው ስትል የኖርከው አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ? ድሬ ሙሉ የሚያውቀው ካንተ ሰምቶ ነው።»

ከወልደጻድቅ ጀርባ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ዐብዲወሊ አጠገቡ ላለው ሰው የቀዩን አምፕ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲነግረው ይሰማል፤ ወልደጻድቅ ከዚራ ዛፍ ሥር ይነግረው እንደነበረው፣ ቃል ሳያጎድል። ዐያን ጊታሩን ልታመጣለት ወደ ቤት ገባች። እሱ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።