የወንድም ብርጭቆ

ፍሬን ሠሪው መጠጥ ካቆመ ወራት አልፈዋል። ይህን የሚያውቁት ግን ሚስቱና የመጠጥ ቤቷ እመቤት ብቻ ናቸው። የጋራዡ ጓደኞቹ አያውቁም፤ እንዲያውቁበትም አይፈልግም። ድሮ ሰው የሚደብቀው ስካሩን ነበር፤ እሱ ጤንነቱን ይደብቅ ጀመር።

ያቆመው ተመክሮ አይደለም። ምክርማ ሞልቶ ነበር፤ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። አንድ ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ሥር ተንጋሎ ብሎን ሊያስር ሲል እጁ እምቢ አለው። ብሎኑ ቀዳዳውን ስቶ ደረቱ ላይ ወደቀ። አነሳው፤ ደግሞ ወደቀ። ያ አውቶቡስ ሕዝብ ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ነው። ፍሬን ሠሪው እዚያው እንደተንጋለለ ላብ አጠመቀው። ማታ ቤቱ ገብቶ ሚስቱን «በቃኝ» አላት። እሷ ቃሉን ስንቴ ሰምታዋለች፤ «እሺ፣ እራትህን ብላ» አለችው።

በቃኝ እንዳለ በቃው። የቸገረው የቅዳሜው ጠረጴዛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲያልቅ አምስቱ ባለሙያዎች የእጃቸውን ግራሶ አስለቅቀው ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለው መጠጥ ቤት ይሰየማሉ፤ አለቃው፣ ላሜራ ሠሪው፣ ጎማ ሠሪው፣ ኤሌክትሪሻኑና እሱ። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ተራ ገብተው ሥራውን የሸፈኑለት፣ አባቱ ሲሞት ሬሳ የተሸከሙለት እነዚህ ናቸው። ከእነሱ ተለይቶ የት ይደርሳል? ድሮ አብሯቸው ይሰየም የነበረው ባትሪ ሠሪ የደረሰበትን አይቷል። ያ ምስኪን መጠጥ ተውኩ ባለ ማግስት ላሜራ ሠሪው «መነኩሴው» ብሎ ስም አወጣለት፤ ለስላሳ ባዘዘ ቁጥር «አባታችን ይባርኩን» እያለ አሽሟጠጠው። ሰውየው መጀመሪያ ከጠረጴዛው፣ ቀጥሎ ከጋራዡ ጠፋ። የላሜራ ሠሪው ምላስ ከመዶሻው ይከፋል።

ስለዚህ ፍሬን ሠሪው ዘዴ ዘየደ። ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ በጓሮ ይዞርና ማድቤት ብቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ የእኔን አልኮል ከሌለው ቢራ ቅጂልኝ፤ አደራ!» ይላል በሹክሹክታ። እመቤቷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ እዚያው ትቀዳለታለች። መልኩ ያው፣ አረፋው ያው። እሱም አንደበቱን ትንሽ እያስተሳሰረ፣ ለማያስቀው እየሳቀ ያመሻል። ማንም አልነቃበትም።

አለቃው ጡረታ የወጡ ቅዳሜ ግን ጉድ ፈላ። ጠረጴዛው አንድ ሕግ ነበረው፤ ትልቅ ደስታ ወይም መለያየት ሲመጣ ሁሉም ብርጭቆውን በቀኙ ለተቀመጠው ያቀብላል፣ የተቀበለውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ይጨልጣል። «የወንድም ብርጭቆ» ይሉታል። እሱን እምቢ ማለት ወንድምነቱን እምቢ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ስላልተደረገ ፍሬን ሠሪው ጨርሶ ረስቶት ነው የመጣው።

አለቃው ብድግ ብለው፣ «በሉ ልጆቼ፣ የወንድም ብርጭቆ!» አሉ።

ብርጭቆዎቹ ዞሩ። የላሜራ ሠሪው ብርጭቆ አረፋው እየፈሰሰ እሱ እጅ ገባ። አንድ ብርጭቆ ምን አላት፣ አለ በልቡ። ወዲያው ራሱን ታዘበ። አንድ ብርጭቆ ብቻዋን መጥታ እንደማታውቅ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? ፈራ፤ መጠጡንም ፈራ፣ ጓደኞቹንም ፈራ። ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ወንድሞቼ፣ እኔ አልጠጣም» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ እንጂ እጁ አልተንቀጠቀጠም። «ካቆምኩ ቆየሁ። እስከ ዛሬ ሳታልላችሁ ነበር፤ የእኔ ብርጭቆ አልኮል የለውም። መነኩሴ በሉኝ፤ ካስቀየምኳችሁም ተነስቼ እሄዳለሁ። ይቺን ግን አልጠጣም።»

ሁሉም ዞረው ላሜራ ሠሪውን አዩት፤ ስድቡን ጠበቁ። እሱ ግን አቀርቅሮ ጠረጴዛውን ያያል።

«ግዴለህም፣ ጠጣው» አለ ቀስ ብሎ።

«አልጠጣም አልኩህ እኮ!»

«ጠጣው ስልህ! አይነካህም። የእኔም ያው ነው።»

ፍሬን ሠሪው አሸተተው፤ ቀመሰው። እውነትም ያው ነው። በቀኙ ያለው ኤሌክትሪሻን ደግሞ የደረሰውን ፉት ብሎ፣ «ኧረ ይሄማ እኔ የምጠጣው ነው!» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አለቃው የኤሌክትሪሻኑን ተጎንጭተው ፊታቸውን አጨማደዱ። የአለቃው ብርጭቆ የደረሰው ጎማ ሠሪ ደግሞ እባብ የጨበጠ ይመስል ከራሱ አርቆ ይዞታል።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ የእርስዎን መልሰው ይውሰዱልኝ» አለ።

«ቆይ ቆይ!» አሉ አለቃው። «ስንት ቅዳሜ ነው ብቻዬን የሰከርኩት? አንተ ላሜራ፣ ባለፈው ወንበር ላይ ወጥተህ የዘፈንከውስ?»

«እሱማ ተፈጥሮዬ ነው ጋሼ፤ ሳልጠጣም እብድ ነኝ። ስሰክር ልጄ አልጋ ሥር ትደበቅ ነበር፤ ስለዚህ ተውኩት። ግን ባትሪ ሠሪውን ያን ሁሉ ብዬው፣ በምን አፌ ልናገር?»

እመቤቷ ከባንኮኒው ጀርባ መሐረቧን እያራገፈች መጣች። «አራት ወንድ በየተራ በጓሮ እየመጣ በጆሮዬ ሲያንሾካሹክ፣ ጎረቤት ምን ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?»

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ጎማ ሠሪው ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ወረደ። አለቃው እንባቸውን ጠራርገው በጠረጴዛው ራስ ካለው ወንበራቸው ተነሱ።

«እኔ አልተውኩም፤ በእርጅናዬ አልዋሽም» አሉ። «ግን ስሙኝ። እናንተ ሦስታችሁ ተያዛችሁ። እሱ አልተያዘም፤ ብቻውን የሆነ እየመሰለው ነው የተናገረው። ና ልጄ፣ ይሄ ወንበር ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።»

ፍሬን ሠሪው እግሩ መሬት የነካ አልመሰለውም። ሄዶ ተቀመጠ። ላሜራ ሠሪው ትከሻውን ጨበጥ አደረገው። ፍሬን ሠሪውም የመጠጥ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየው ድረስ ጮኸ፦

«እትዬ! ለዚህ ጠረጴዛ አልኮል የሌለው አራት፣ ያለው አንድ!»