የጠበቃው ኮምፒውተር

ባለቤቴ ጠበቃ ነበር። ዓይኑ ከደከመ በኋላ የደንበኞቹን ጉዳይ በእጁ መጻፍ ትቶ በድምፁ ኮምፒውተሩ ላይ መቅዳት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀዳል፤ እኔ ሻይ ይዤለት ስገባ ንግግሩን ያቋርጣል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከሞተ አሥራ አንድ ወሩ ነው።

ኮምፒውተሩን ታናሽ እህቱ ለምታስተምርበት ትምህርት ቤት ልሰጥ ቃል ገባሁ። መጀመሪያ ግን የቀዳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰረዝኩ። አንዱንም ከፍቼ አላዳመጥኩም፤ ሰዎቹ ምስጢራቸውን የነገሩት ለእሱ እንጂ ለእኔ አልነበረም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ እጄን ታጠብኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከእህቱ ጋር ሆነን ወደ ጥገና ቤት ወሰድነው። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ጠረጴዛው በብሎንና በሽቦ የተሞላ ሰው ነው።

"ውስጡ የነበረው ጠፍቷል?"

"አንድም አልቀረም" አልኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ። "ሰርዤ፣ የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አድርጌዋለሁ።"

ሳቅ አለ። "እትዬ፣ እንዳይቆጡኝ። እርስዎ የቀደዱት ማውጫውን ነው፤ መጽሐፉ እንዳለ ቁጭ ብሏል። በላዩ ላይ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የፈለገ ሰው ያወጣዋል።"

"ሦስት ቀን የለፋችበትን!" አለች እህቱ። "አንተ ደግሞ፣ ሥራ እንዳይቀርብህ ነው አይደል?"

"ካላመንሽ ላሳይሽ።"

አንድ ፕሮግራም ከፈተ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሰረዝኳቸው ሁሉ ተራ በተራ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብቅ አሉ። እኔ ቃል ሳይወጣኝ እህቱ አንዱን በጣቷ ጠቆመች፤ እሱም ከፈተው።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቆይ፣ ሻይ መጣ" አለ። ሲኒ ሲቀመጥ ተሰማ። "ተባረኪ፣ የኔ እመቤት።" በሩ ተዘጋ።

"ወንድምዬ!" አለች እህቱ፣ አፏን በእጇ ይዛ። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

ድምፁ ቀጠለ። "ደንበኛዬ፣ የማዕዘኑ ዳቦ ቤት ባለቤት፣ የልጇ አባት ማን እንደሆነ ለባሏ እስካሁን..."

"ዝጋው!" አልኩ።

ዘጋው።

"የኛዋ ዳቦ ቤት?" አለች እህቱ ቀስ ብላ። "እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ ከእሷ ገዝቻለሁ።"

"ነገም ትገዢያለሽ።"

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። "ከፈለጉ ሁሉንም ፍላሽ ላይ ልገልብጥልዎት። ቤትዎ ሆነው እያዳመጡ የራስዎን ይለያሉ።"

"አዎ፣ እባክሽ!" አለች እህቱ። "ድምፁ ነው እኮ። ሌላ ምን ቀረን?"

የስድስት ዓመት ጠዋቶች ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ጊዜ በሩን ከፍቼ እገባለሁ። የምገባበትን ለማግኘት ግን ሰዎቹ የተናገሩትን ሁሉ መስማት አለብኝ።

"የሻይዋን፣ እስከ በሩ መዘጋት ድረስ ብቻ ቁረጥላት" አልኩት። "ለእሷ።"

"ሌሎቹስ?" አለች።

"ሌሎቹ የሰው ናቸው።"

ልትከራከረኝ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ የዳቦ ቤቷ ሴት ትዝ አለቻት መሰለኝ፣ መልሳ ዘጋችው።

ጠጋኙ የቀድሞው ዳግም እንዳይወጣ ሃርድ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜሮ የሚሞላ ፕሮግራም አዘጋጀ። "አራት ሰዓት ይፈጃል። ሄደው ይመለሱ።"

"እዚሁ እጠብቃለሁ" አልኩ። ቁልፉን የተጫንኩት ራሴ ነኝ። እህቱ ወንበሯን አስጠግታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ የሚሄደውን አረንጓዴ መስመር ስናይ ቆየን።

ስንመለስ መሽቶ ነበር። ማዕዘኑ ጋ ስንደርስ እህቱ ቆም አለች። እኔም ቆምኩ።

ወደ ዳቦ ቤቱ ገባች። "ዛሬ ደግሞ ምን አሳረርሽብን?" አለቻት፣ እንደ ዘወትሯ።

"ላንቺ ያረረውን ለይቼ አስቀምጫለሁ!" አለች ሴትዮዋ እየሳቀች።

የእህቱ ድምፅ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ነበር። ከእኔ በቀር ያስተዋለ የለም።