ጥዑመልሳን ከሞተ በኋላ የያዙት በሽታዎች

ጥዑመልሳንን ጨብጥ የያዘው በሞተ በዓመቱ ነው።

ይህን ለሚስቱ ለስንቅነሽ ያረዳቻት በአል-ሳሃፋ ሰፈር የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሉጥፊያ ናት። ያረዳቻትም በጆሮዋ አይደለም። ሉጥፊያ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልተፈጠረላትም። ከኋላዋ ማራገቢያው ይንቋቋል፣ ከፊቷ ወረፋው ይንጫጫል፣ እሷ ከሁለቱም በላይ ትጮኻለች።

«ኻልቲ!» አለች፤ በእነሱ አክስቴ ማለት ነው። «ባልሽ ጨብጥ ታክሟል። ኮምፒዩተሩ ይኸው በቀይ ጽፎታል። ሚስትየዋም ትታከም ይላል። አንቺ ካልታከምሽ የማንኛችሁንም መድኃኒት አልለቅም ይላል።»

ወረፋው ጸጥ አለ። ካርቱም ውስጥ ጸጥ ያለ ወረፋ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

ስንቅነሽ የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያላት፣ ለሐበሻ ልጆች አማርኛና ሒሳብ የምታስተምር፣ ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳ እንባዋን ማንም ያላየባት ሴት ናት። የመጣችው የደም ግፊት ክኒኗን ልትወስድ ብቻ ነበር።

«ሌላስ ምን ይላል?» አለች ቀስ ብላ።

ሉጥፊያ ማንበብ ነው የምትወደው፤ አነበበችላት። ጥዑመልሳን ካረፈ ወዲህ ሁለቴ ወባ ታሟል። ውሻ ነክሶታል። ቡአ ተቆርጧል። ቁመቱ አንዴ ረዝሞ አንዴ አጥሯል፤ የደሙ ዓይነትም ተለውጧል። አሁን ደግሞ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ጠዋት ጠዋት እየመጣ ነርስ ፊት መድኃኒቱን ይውጣል። በሕይወቱ ሳለ ግን በዚያ በር የገባው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ጥርሱን አሞት።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ሳይበትናት በፊት፣ መንግሥት «ወረቀት በቃ፤ በሽተኛ ሁሉ ኮምፒዩተር ይግባ» ባለበት ሰሞን ነው። ወረቀት ደግ ነው። የጻፉበትን ይዞ ይተኛል እንጂ ከጎኑ ካለው ወረቀት ጋር አያወራም። ኮምፒዩተር ግን ወሬኛ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ከትናንቱ ጋር አገናኝቶ «እንዴት ነው ነገሩ?» ይላል።

ነገሩማ እንዲህ ነው። ሰው ሲሞት ልብሱ ለችግረኛ ይሰጣል። የጥዑመልሳን አርባ እንደወጣ ልብሱን ልትወስድ የመጣችው ለተብርሃን ነበረች፤ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ለቀን ሠራተኛ ወጣቶች ክፍል የምታከራይ፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ የሆነ ሴት። ሸሚዞቹን ስታጥፍ ከአንዱ ኪስ የሕክምና ካርዱ ወደቀ።

«ይሄስ፣ እትዬ?»

«ይሄማ ለማን ይሆናል?»

«መኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ነዋ! ሸሚዝ ያለበሰ ከጸደቀ ወባ ያዳነ ምን ሊሆን ነው? ለነፍሱ ነው።»

ለነፍሱ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? ካርዱ ፎቶ የለው። ጤና ጣቢያው ውስጥ የሐበሻ ስም አንብቦ የሚጨርስ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርዱ በለተብርሃን ቤት በር ምስማር ላይ ተሰቀለ። የታመመ ያወርደዋል፣ የዳነ ይመልሰዋል። አሁን ያወረደው ባዬ ነው። ጡብ ተሸካሚ ነበር፤ ደም እስኪተፋ ድረስ። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ነው ፊቱ የሰው ፊት የመሰለው፤ ካቋረጠው ግን በሽታው ብሶ ይመለሳል ተብሏል።

«የቤተሰቡ ኃላፊ እስከ ሐሙስ ራሱ ይምጣ፤» አለች ሉጥፊያ። «አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ካልመጣ ፋይሉ ይዘጋል፣ መድኃኒቱም ይቆማል። የት ነው ያለው?»

ስንቅነሽ አፏን ከፈተች። እውነቱ አንዲት አጭር ቃል ናት። ነገር ግን ያቺን ቃል እስከዚያ ቀን በየትኛውም ቋንቋ ተናግራት አታውቅም፤ ሰው ሲጠይቃት «የለም» ነበር የምትለው። ደግሞ ቃሏ ከወጣች የባዬ መድኃኒት አብሯት ይወጣል።

«ሥራ ቦታ ነው፤» አለች። «አመጣዋለሁ፣ ኢንሻላህ።»

ከዚያ ሃፍላ ተሳፍራ፣ ከአውቶቡሱም ወርዳ በራክሻ፣ ማለትም በባጃጅ፣ ጀሪፍ ገባች። ለተብርሃን ጉዳዩን ስትሰማ ወንዶቹን ግቢ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ማነው?» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ማነው በሞተ ሰው ስም የባለገው?»

ሁሉም ቀና ብለው ጣሪያ አዩ። ግቢው ጣሪያ አልነበረውም።

«ሚልዮን ነው፤» አለ ሻምበል፣ በዕድሜ የሚበልጣቸው የሌሊት ዘበኛ።

«የት አለ እሱ?»

«ሊቢያ ገብቷል።»

«ውሻ የነከሰውስ?»

«እሱም ሚልዮን።»

«ወባውስ?»

«አንዱ የሚልዮን ነው።»

«ይሄ ሚልዮን የሚሉት ልጅ በሽታውን ሁሉ ሳይጨርስ ነው የሄደብን! ቡአውስ?»

ሻምበል ጫማውን ሲመለከት ቆየ። «ቡአው የኔ ነው። ግን እትዬ፣ በታላቅ አክብሮት ነው የተቆረጥኩት።»

ስንቅነሽ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነከሰች። ባዬ ግድግዳ ተደግፎ አፉን በፎጣ ሸፍኖ ቆሟል።

«ስንት ቀረህ አንተ?» አለችው።

«ሁለት ወር ብቻ ቢሆን ነው። ግን ይቅር እትዬ። የጋሼ ስም በኔ የተነሣ እንዲህ ከሚጎተት…»

«ዝም በል!» አለች ለተብርሃን። «ነገ ባሏ ነህ።»

«ኧረ በእመብርሃን!»

«በእመብርሃን ብትል በሚካኤል፣ አሻራው ያንተ ካልሆነ መድኃኒቱን ማን ይሰጥሃል?»

ችግሩ ዕድሜ ነበር። ጥዑመልሳን በኮምፒዩተሩ ወደ ስድሳ ተጠግቷል፤ ባዬ ጢሙ ገና አልሞላም። ለተብርሃን ጓዳ ገብታ የስንዴ ዱቄት ይዛ ወጣች። «ሽበት ነው፤» አለች። «እትዬ፣ የጋሼን ኮት ብታውሺንማ አለቀ።»

«ኮቱን አልሰጥም፤» አለች ስንቅነሽ።

ለተብርሃን እንኳ ደግማ አልጠየቀችም።

በነጋታው ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ፀሐይዋ ማቃጠል ጀምራለች። ባዬ የሻምበልን ሰፊ ጃኬት ለብሶ፣ ጎብጦ፣ ጭንቅላቱ ነጭ ሆኖ ከስንቅነሽ ኋላ ኋላ ይሄዳል። «ከጎኔ ሂድ፤» ትለዋለች። «እሺ እትዬ፤» ይላል፣ ኋላዋ ሆኖ።

«በስሜ ጥራኝ።»

«እሺ እትዬ።»

ሉጥፊያ ጠረጴዛ ፊት ያለው ወንበር አንድ ነው። «በሽተኛው ይቀመጥ፣ ያላ፤» አለች። ባዬ ተቀመጠ። ተቀምጦም ቀና ሲል ስንቅነሽ እላዩ ላይ ቆማለች። የእናቱ ታላቅ ልትሆን የምትችል ሴት ቆማ እሱ ተቀምጧል! እሳት እንደነካው ብድግ አለ።

«ይቀመጡ እንጂ።»

«ተቀመጥ አንተ!» አለች በጥርሷ መሐል።

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!»

አልተቀመጠም። እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳለ ሰው ቆመ። ቢገርፉት ኖሮ እንኳ አይቀመጥም ነበር፤ አስተዳደጉ እግሩን ይዞታል።

ሉጥፊያ እጇን ከኮምፒዩተሩ አነሣች። «ኻልቲ፣ እዚህ ወንበር ላይ ስንት ባል አይቻለሁ። የሚያንኮራፋ አለ፣ ሚስቱን ውጭ ጥሎ የሚገባ አለ። ለሚስቱ የተነሣላት ግን አንድም አላየሁም። ይሄ ባልሽ አይደለም።» ደግሞ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየችው። «ከግንባሩ ላይ የሚወርደውስ ምንድን ነው?»

ላቡ ዱቄቱን አቡክቶት ነበር። ሊጡ በቅንድቡ በኩል ወርዶ አፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«በሽታው ነው፤» አለ ባዬ።

ሉጥፊያ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ቀጥሎ ጡቷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቁማ ስንቅነሽን ተመለከተች። «እውነቱን ንገሪኝ። ባልሽ የት ነው?»

ስንቅነሽ ባዬን አየችው። ይህ ልጅ እንዲህ በሊጥ ተለቅልቆ፣ እሷን ላለማሳፈር ሲል ራሱን እያሳፈረ ቆሟል። ውሸቱ ከዚህ በላይ እንደማይሸከመው ገባት። የቀራት እውነቱ ብቻ ነበር።

«ራጅሊ ማት፤» አለች። ባሌ ሞቷል።

በዐረብኛ ቀለላት። ቃሉ የሰው ዕቃ ነው፤ ቢወድቅም እንደራስ ዕቃ አይሰማም።

ሉጥፊያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነፍስ ይማር አለች። «አላህ ይርሐሙ። ታዲያ ጨብጡ የሱ አይደለም?»

«በሕይወቱ ሳለ አልያዘውም፤» አለች ስንቅነሽ። «ከዚያ በኋላ ስለሚያደርገው ግን አላውቅም።»

ሉጥፊያ ድጋሚ ልትስቅ ብላ ተወችው። ስንቅነሽም ካርዱን፣ ምስማሩን፣ የባዬን ሳንባ ሁሉንም ነገረቻት። ሉጥፊያ የሞቱን ቀን ጠይቃ ጻፈች። ኮምፒዩተሩ ጮኸ። ደግማ ጻፈች፤ ደግሞ ጮኸ።

«እምቢ አለ። ከሞቱ በኋላ መድኃኒት ወስዷል፣ ስለዚህ ያን ቀን አልሞተም ይላል። ዛሬ ሞተ ካልኩት ግን ይቀበላል።»

«ዛሬ?»

«አሁን። ወዲያው ፋይሉ ይዘጋል። ያንቺን በስምሽ እከፍትልሻለሁ፣ መድኃኒትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ስለ ጨብጥም የሚጠይቅሽ የለም። የልጁ ግን…» ወደ ባዬ አየች። «መኖሪያ ፈቃድ ከሌለው ኮምፒዩተሩ ቁጥር አይሰጠውም። ቁጥር ከሌለው መድኃኒት የለም።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

ሉጥፊያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አለ። ባልሽ ሁለት ወር ይኑር። የልጁን አሻራ እወስዳለሁ፤ ሲጨርስ ትመጪና አብረን እንገድለዋለን። ልጁ አቋርጦ ሰፈሩ ሁሉ ላይ ቢስል መጀመሪያ የምታመም እኔ ነኝ። ግን ቀዩ ጽሑፍ አለ። እሱን እኔ አላጠፋውም፤ ነርሷ መርፌውን ወግታ ራሷ ካልመዘገበችው አይጠፋም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የጨብጥ በሽተኛ ሚስት ሆነሽ ትገቢያለሽ።»

ባዬ ዐረብኛው ዘግይቶም ቢሆን ገባው። «እትዬ፣ አይሆንም! እኔ ብሞት ይሻላል!»

«በዚህ ፋይል ውስጥ የሞተ ይበቃል፤» አለች ስንቅነሽ። «አሻራህን ስጥ።»

ፎቶውን ተነሣ። የስድሳ ዓመቱ ጥዑመልሳን ሊጥ የተቀባ ጎረምሳ ሆኖ ኮምፒዩተር ገባ። «ሐበሻ አያረጅም ሲሉ እሰማ ነበር፤» አለች ሉጥፊያ።

ስንቅነሽ ወረፋውን አቋርጣ ወደ መርፌ ክፍል ሄደች። አንዲት ወይዘሮ እንዳትነካት የተከናነበችውን ቶብ ሰበሰበች። ስንቅነሽ «እንደምን አደርሽ» ብላት አለፈች።

የመርፌዋ ነርስ ሀጀራ ናት፤ ባዬንም ጠዋት ጠዋት ጥዑመልሳን እያለች ክኒኑን የምታስውጠው እሷው። ወረቀቱን አነበበች፤ ስንቅነሽን አየች፤ ደግማ አነበበች።

«የዚያ ልጅ ሚስት አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ወላሂ፣» አለች ሀጀራ መርፌውን እየሞላች፣ «ወጣት ማግባት ትርፉ ይሄ ነው። ዙሪ።»

ስንቅነሽ ዞረች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ አልጋውን ያዘች። መርፌው ወፍራም ነበር፣ መድኃኒቱም የሚያቃጥል። እንባዋ መጣ። ልትውጠው ሞከረች፤ ከዚያ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ለምን እንደምታለቅስ የሚጠይቃት እንደሌለ ትዝ አላት። ተወችው። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች።

«ያማል እንዴ ይሄን ያህል?» አለች ሀጀራ።

«ያማል።»

«እሱን ነበር መውጋት! አላህ የእጁን ይስጠው።»

«ተይው፤» አለች ስንቅነሽ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ጥሩ ሰው ነው።»

ሀጀራ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት።» ጥጡን ወርውራ ቀዩን ከኮምፒዩተሩ አጠፋችና የበሽተኛውን ክኒን ከመሳቢያ አውጥታ ወደ ኮሪደሩ ብቅ አለች።

«ጥዑመልሳን!» ብላ ተጣራች።

ስንቅነሽ ፊት ያንን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ ያሳዝናታል ብለው ሁሉም ይዘሉት ነበር። ሀጀራ መዝለል አታውቅም። «ጥዑመልሳን! ና እንጂ፣ ያላ!»

«አቤት!» አለ ባዬ፣ እየተንደረደረ።

ስንቅነሽ በአንድ ጎኗ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ክኒኖቹን በየተራ ሲውጥ፣ ውኃውንም እስከ ታች ሲጠጣ አየችው። ሀጀራ አፉን አስከፍታ ምላሱን አስነሥታ አረጋገጠች።

«ነገም በጊዜ፤» አለችው።

«ነገም ይመጣል፤» አለች ስንቅነሽ።